የሞተበትን ሳታውቅ አትግጠመው

«ሞተሩ በቅርቡ ነው የተሠራው።» አሮጌ ጄትስኪ (የውሃ ላይ ሞተር ሳይክል) ሊገዛ የሄደ ሰው ሁሉ ይህችን ቃል ሰምቷታል። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ አልዋሸም። እውነትም ተሠርቷል። አዲስ ፒስተን ገብቶለታል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ተቀይሯል፣ ቴስታው (የሞተሩ ክዳን) ተጠርጎ በአዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተመልሷል። ከዚያ አንድ በጋ እንኳ ሳይሞላው ውሃ መሀል ቀጥ ይላል። የሠራው ሰው የተበላሸውን ቀይሯል፤ ያበላሸውን ግን አልፈለገም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ እንዲህ ያለ አንድ ሞተር ነው። ያማሃ ሱፐርጄት ነው፣ ቆመው የሚነዱት ዓይነት፣ የ1990ዎቹ መጨረሻ ሥሪት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከጓደኛዬ ጋር በርካሽ ገዛነው። የረከሰው ነክሶ፣ ማለትም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ ስለቆመ ነው። የምንኖረው አትላንታ ነው፤ ከከተማዋ በስተሰሜን ሌክ ላኒየር አለ። በ1950ዎቹ የቻታሁቺ ወንዝ በቡፎርድ ግድብ ሲገደብ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ሙቀቱ ሲጀምር ቅዳሜና እሁድ በጀልባና በጄትስኪ ይሞላል። የእኛም ሰዎች አሉበት። ድሮ ዳር ላይ ሥጋ ጠብሰው የሚመለሱት አሁን ጄትስኪ ተከራይተው ከልጆቻቸው ጋር ይገባሉ።

ቱ-ስትሮክ (ሁለት ምት) ሞተር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አገር ቤት ገጠር ያደገ ወይም የሠራ ሰው ያውቀዋል። የግብርና ባለሙያውና የጤና ባለሙያው ይነዷት የነበረችው ያማሃ፣ ኤጂ 100ም ትሁን ዲቲ 125፣ ቱ-ስትሮክ ነበረች። ገና ከሩቅ በድምፅዋ ትለያለች፤ ካለፈች በኋላም ሰማያዊ ጭሷና የዘይት ሽታዋ መንገዱ ላይ ይቆያል። ሱፐርጄት ውስጥ ያለው ሞተር የዚያች የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለት ሲሊንደር፣ 701 ሲሲ፣ ሁለት ሚኩኒ ካርቡሬተር። የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሊሜትር፣ ፒስተኑ የሚወጣው የሚወርደው 68 ሚሊሜትር። የመኪና ሞተር ለለመደ ሰው ትንሽ ነው። ካምሻፍት የለውም፣ ሰንሰለት የለውም፣ ከታች ዘይት የሚጠራቀምበት ኮፓ የለውም። ስለዚህ ብዙ ሰው ቀላል ነው ብሎ ይጀምረዋል። ፈትቶ ለመግጠም እውነትም ቀላል ነው። አስቸጋሪው የተገጠመው እንዲቆይ ማድረግ ነው።

በመኪና ሞተር ከፒስተኑ ሥር ያለው ቦታ የዘይት ነው። በቱ-ስትሮክ ግን ያ ቦታ ይተነፍሳል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ክፍት ቦታ ይፈጠራል። ቤንዚን፣ ዘይትና አየር የተቀላቀለበት ጉም ከካርቡሬተሩ ተስቦ፣ ስስ የሆኑትን ሪድ ቫልቮች ገፍቶ ወደ ክራንክ ቤቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ክራንኩ፣ ያለበት ክፍል) ይገባል። ፒስተኑ ሲወርድ ሪዶቹ ይዘጋሉ፣ ጉሙ ይታመቃል፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ባሉት መተላለፊያዎች አልፎ ከፒስተኑ በላይ ይወጣል። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር ይህ ሁሉ በእያንዳንዱ ሲሊንደር በሴኮንድ 100 ጊዜ ይሆናል። ኩሽኔታውን፣ ቢዬላውን (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ)፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ የሚያለሰልሰው ዘይት ሌላ ምንጭ የለውም። ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የመጣው ብቻ ነው።

አሁን ክራንክ ቤቱ አንድ ቦታ ላይ ያፈተልካል እንበል። ፒስተኑ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በካርቡሬተሩ ያላለፈ አየር በዚያች ክፍተት ይገባል። ድብልቁ ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ ሲቃጠል ሙቀቱ ይበረታል። ቤንዚኑ ባነሰ መጠን ደግሞ ዘይቱም አብሮ ያንሳል። ሙቀቱ ሲጨምር ዘይቱ ቀነሰ ማለት ነው። ፒስተኑ ይፋፋል፣ ግድግዳውን ይነክሳል፣ አለቀ። ክፍተቷን በዓይን አታያትም፣ ድምፅም የላትም። አሮጌውን ፒስተን አውጥተህ አዲስ ብታስገባ እሷ እዚያው ናት።

ይህንን በደንብ ያስተማሩን ጋሼ ናቸው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ እዚህ መጥተውም ጡረታ እስኪወጡ የሣር ማጨጃና የጀልባ ሞተር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓደኛዬ ቤት ጎራ ብለው ጋራዡ ውስጥ የተንጋለለውን ጄትስኪ አዩት።

«ምን ሆኖ ነው የቆመው?»

«ነክሶ ነው ጋሼ።»

«እሱን አየሁት። ለምን ነከሰ ነው የምላችሁ።»

መልስ አልነበረንም። «እንግዲያው አትፍቱት» አሉን። ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ወንበር ስበው ሞተሩን ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩ። ሥራው የተጀመረው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ነገር ሳይፈታ ንፋስ መሙላት ነበር። ካርቡሬተሮቹና የጭስ ማውጫው ይወርዳሉ። መግቢያውና መውጫው በጠፍጣፋ ብረትና በጎማ ይደፈናል። ከክራንክ ቤቱ ወደ ነዳጅ ፓምፑ የምትሄደው ቀጭን ቱቦም መዘጋት አለባት፤ ብዙ ሰው የሚረሳት እሷን ነው። ከዚያ በእጅ ፓምፕ ቀስ ተብሎ አየር ይሞላል። ከ10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ አይሞላም፣ ከዚያ ካለፍክ ጤነኛውን ኦይል ሲል፣ በዘንጉ ዙሪያ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት፣ ራስህ ትገፋዋለህ። ጌጁን ታያለህ። መርፌው ባለበት ከቆመ ደህና ነው። ከወረደ ያፈተልካል። የት እንደሆነ ለማወቅ የሳሙና ውሃ መርጨት ነው።

የፊተኛው ሲሊንደር መርፌ ከቦታው አልተነቃነቀም። የኋለኛው ግን ፓምፑን ገና ሳንለቅ መውረድ ጀመረ። ሁለቱ ሲሊንደሮች ከላይ አንድ ብረት ቢሆኑም ከታች ክፍላቸው ለየብቻ ነው፤ አንዱ ጤነኛ ሆኖ ሌላው ሊታመም ይችላል። ጓደኛዬ ቴስታው ላይ ረጨ፣ ምንም የለም። ሥሩ ባለው ጓርኒሲዮን ላይ ረጨ፣ ምንም የለም። ከኋላ፣ ክራንኩ ወጥቶ ጄትስኪውን ከሚገፋው የውሃ ፓምፕ ዘንግ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሲረጭ፣ በዘንጉ ዙሪያ ጥቃቅን አረፋ ብቅ ብቅ አለ። አረፋው አበጠ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ አበጠ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩና «ገዳዩ ይኸውላችሁ» አሉ።

ሞተሩ ሲፈታ ነገሩ ሁሉ ተስማማ። የፊተኛው ፒስተን ንጹሕ ነው። የኋለኛው በጭስ ማውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ተፍቋል፣ ፋሻዎቹ በቀለጠ አሉሚኒየም ተይዘው ከጎድጓዳቸው አይንቀሳቀሱም። የኋላው ኦይል ሲል ከንፈሩ ደርቋል፣ ከንፈሩን የምታጠብቀው ቀጭን ስፕሪንግ በዝገት ተበጥሳለች። ጀልባው ሆድ ውስጥ ውሃ ሲያድር የሚረጨው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ከእኛ በፊት የፈታው ሰው ይህን ኦይል ሲል አልነካውም። ፒስተንና ፋሻ ቀይሮ ዘግቶታል።

ፒስተን ማንበብ የሚችል ሰው ብዙ ነገር ያገኝበታል። ፍቀቱ በጭስ ማውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ሙቀት በዝቷል፣ ድብልቁ ሳስቷል ወይም ውሃው አልደረሰም ማለት ነው። በአራት ቦታ፣ ዙሪያውን ተራርቆ ከተነከሰ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ቀድሞ ተፋፍቷል፣ ወይም ሲሊንደሩ ሲቦረቦር (ግድግዳው ተፍቆ ሲሰፋ) መጀመሪያውኑ ጠብቧል። አናቱ መሀል ላይ ከተበሳ ወይም ጠርዙ ከተበላ፣ ፍንዳታው ያለ ጊዜው ሆኗል። ሁለቱም ፒስተን እኩል ከተጎዳ ወደ ነዳጁ መስመር ሂድ። አንዱ ብቻ ከሆነ የዚያን ሲሊንደር ኦይል ሲልና ካርቡሬተር ያዝ። ስለዚህ የተበላሸ ፒስተን አትጣል። ማጠቢያው ውስጥ ከመክተትህ በፊትም በብርሃን እያገላበጥክ እየው።

እኔን ያሳዘነኝ የብረቱ ነገር ነው። ሲሊንደር ሲቦረቦር በየጊዜው የሚወሰድለት መጠን የተወሰነ ነው። ያማሃ ለዚህ ሞተር 0.25 እና 0.50 ሚሊሜትር የሰፋ ፒስተን አለው። ሁለቱ ሲሊንደሮች አብረው የተቀረጹ ስለሆኑ ጤነኛውም አብሮ ይቦረቦራል። የቀደመው ሰው 0.25ቱን ወስዷል። ጭረቱን ለማጥፋት እኛ ወደ 0.50 መሄድ ነበረብን። በአንዲት የጎማ ቀለበት ምክንያት አንድ ሙሉ ዕድል ባከነ። የእነዚህ ሞተሮች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ነው፤ አንድ ጊዜ በግዴለሽነት የተገጠመ ሲሊንደር ዕድሜው ያጥራል። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ።

ክራንኩን ለብቻው ክራንክ ለሚሠራ ባለሙያ ላክነው። የቱ-ስትሮክ ክራንክ እንደ መኪናው አንድ ወጥ አይደለም። ተገጣጥሞ በከባድ ግፊት የተጣበቀ ነው። ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ድንገት ሲነክስ፣ ክራንኩ ከመገጣጠሚያው ላይ ሊጠመዘዝ ይችላል። ያኔ አንዱ ፒስተን አናት ሲደርስ ሌላው በትክክል ታች አይሆንም። በዓይን አይታይም፣ በጌጅ ነው የሚለካው፣ የሚፈቀደው ልዩነትም በሚሊሜትር መቶኛ ነው። አዲስ ኩሽኔታና አዲስ ሲሎች ለብሶ ተመለሰ።

ሲሊንደሩ ደግሞ ከቶርኖ ቤት ሲመለስ የሚያብረቀርቅ ንጹሕ ነገር ይመስላል። አይደለም። ግድግዳው ላይ የተሠሩት ጥቃቅን መስመሮች ውስጥ የድንጋይ ዱቄት ተሰግስጓል። ቤንዚን አያወጣውም። የሚያወጣው ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ነው። ካጠብክ በኋላ ነጭ ጨርቅ ዘይት አስነክተህ ግድግዳውን አብሰው። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ ገና ነው፣ እንደገና እጠብ። ጨርቁ እንደገባ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቆምን። እንደደረቀ ወዲያው ዘይት መቀባት አለበት፤ እንዲያ የታጠበ ብረት ዓይንህ እያየ ይዝጋል። የመተላለፊያዎቹን ጠርዝ በጣትህ ዳብሰው። ስለት ከሆነ ቶርኖ ቤቱ ጠርዙን አላለዘበም ማለት ነው። ፋሻው እዚያ ላይ ተይዞ ይሰበራል።

መግጠም ተጀመረ። ክራንክ ቤቱ ሁለት ግማሽ ነው። በሁለቱ መሀል ጓርኒሲዮን የለም፣ ብረት በብረት ላይ ነው የሚተኛው፤ ስስ የማሸጊያ ማጣበቂያ ብቻ ይቀባል። ስለዚህ ፊቱ ንጹሕ መሆን አለበት። አሮጌውን ማጣበቂያ በካቻቢቴ የሚፍቅ ሰው አይቻለሁ። አንድ ጭረት ማለት አንድ የአየር መንገድ ነው። በማለስለሻ ፈሳሽና በፕላስቲክ ነው የሚነሳው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ክራንኩ ሲቀመጥ የኩሽኔታዎቹ ጥቃቅን ፒኖች በየማረፊያቸው መግባት አለባቸው። ሲሎቹም ከጎድጓዳቸው ጋር መግጠም አለባቸው። አንዷ ፒን እንኳ ከቦታዋ ከወጣች የላይኛው ግማሽ እኩል አይተኛም። ጓደኛዬ ከጠርዙ ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት አየና ብሎኑን አንስቶ «ሲጠብቅ ይገባል» አለ። ጋሼ እጁን ያዙት። «በብሎን አትሳበው። በራሱ ካልተኛ ምክንያት አለው።» አነሳነው። የመሀለኛው ኩሽኔታ ፒን ከማረፊያዋ ትንሽ ዞራለች። በጣት ገፋ ሲያደርጋት ገባች፣ ግማሹም ያለ ምንም ጉልበት ዝም ብሎ ተኛ። ብሎኖቹ ከመሀል ወደ ዳር፣ በመስቀለኛ፣ በሁለት ዙር በቶርክ ሬንች ጠበቁ። ከዚያ ክራንኩን በእጅ አዞርነው። ያለ ምንም መያዝ ከዞረ መቀጠል ይቻላል። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከከበደ እዚያው ቁም።

ከሁሉም በላይ የምወደው ፒስተን የሚገባበትን ሰዓት ነው። እጅ የሚሠራው ሥራ ነው። ፋሻዎቹ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱ ጎድጓዳ ውስጥ ትንሽ ፒን አለች፣ የፋሻው ሁለት ጫፎች እሷን ከግራና ከቀኝ አቅፈው ነው የሚቀመጡት። ፋሻው ዞሮ ጫፉ መተላለፊያ ቀዳዳ ላይ እንዳይመጣ የምትጠብቀው እሷ ናት። ከመግባቱ በፊት ፋሻው ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባና የጫፎቹ ክፍተት ይለካል፤ ለዚህ ስፋት ሲሦ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በፒስተኑና በግድግዳው መሀል ያለው ቦታ ደግሞ ከሚሊሜትር አንድ አስረኛ አይርቅም። እነዚህ በግምት የሚታለፉ አይደሉም። ፒስተኑ አናት ላይ ቀስት አለ፤ ወደ ጭስ ማውጫው ያያል።

ስፒኖቶውን (ፒስተኑን ከቢዬላው ጋር የሚያያይዘውን ፒን) ከሁለቱም ወገን የሚይዙት ቀለበቶች ትንንሽ ናቸው፣ ግን ስፕሪንግ ስለሆኑ ከፒንሳው ይፈናጠራሉ። የት ሊወድቁ ነው? የተከፈተው ክራንክ ቤት ውስጥ። ስለዚህ መጀመሪያ አፉ በንጹሕ ጨርቅ ይሞላል። ከዚያ ቀለበቱን በአንድ ጫፉ ጎድጓዳው ውስጥ ታስገባለህ፣ በአውራ ጣትህ ይዘህ ሌላውን ጫፍ ቀስ ብለህ ትገፋለህ፣ ጠቅ ይላል። ክፍት ጫፉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሁን እንጂ ወደ ጎን አይሁን። ፒስተኑ የሚሮጠው ወደ ላይና ወደ ታች ስለሆነ፣ ቀለበቱ ወደ ጎን ከተከፈተ በየምቱ እየተጨመቀ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። አሮጌ ቀለበት ደግሞ ምንም ደህና ቢመስል አይመለስም። ዋጋው ኢምንት ነው፣ ከወጣ ግን ሲሊንደሩን ያርሰዋል።

ሲሊንደሩን ማውረድ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ሁለቱ ፒስተኖች እኩል አይወጡም፣ አንዱ ላይ ሲሆን አንዱ ታች ነው። ጓደኛዬ ብሎኩን ከላይ ይዞ ቀጥ አድርጎ ሲያወርድ እኔ የመጀመሪያውን ፒስተን ፋሻ በሁለት ጣቶቼ ጨምቄ አስገባሁት። ከዚያ ክራንኩ ትንሽ ዞረ፣ ሁለተኛው ወጣ፣ እሱም ገባ። ብሎኩን ማወዛወዝና ማጣመም አይቻልም፣ የፋሻው ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ ይሰነቀርና ይሰበራል። ሁሉም ነገር በዘይት ርሷል፣ ጣቶቻችን ያንሸራትታሉ፣ ማንም አያወራም። ሲወርድ ለስለስ ያለ «ሸፍ» የሚል ድምፅ አለው። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ለምን እንደምወደው ይገባዋል።

ቴስታው፣ ቮላኖው፣ የቀረው ሁሉ እንደ መመሪያው ነው፤ እሱን አልተርክም። አንድ ነገር ብቻ። ቴስታውን ገጥመን ካርቡሬተሩ ከመግባቱ በፊት እንደገና ንፋስ ሞላነው። ሁለቱም መርፌዎች ቆሙ። ቡና ጠጥተን ተመለስን፣ አሁንም ባሉበት ናቸው። ይህን ያላደረገ ሰው ሞተር ሠርቻለሁ ባይል ይሻላል። ጠንከር ያለ አነጋገር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ከልቤ ነው።

ካርቡሬተሮቹም ሙሉ በሙሉ ታጥበው አዲስ ዲያፍራም (ስስ ጎማ) ገባላቸው። እዚህ አገር የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ኢታኖል ውሃ ይስባል፣ ሳይነካ ከከረመ ጎማውን ያደርቃል፣ ውስጥ ያለችውን ደቃቅ ወንፊት ይደፍናል። የነዳጅ ቱቦዎቹንም ሁሉ ቀየርን። የተበላሸው ኦይል ሲል ተገኘ ብለን ሌላውን ብንተወው፣ የሳሳ ድብልቅ በሌላ በር ይገባ ነበር።

ሞተሩ ጀልባው ውስጥ ሲመለስ ከፓምፑ ዘንግ ጋር መስመር መያዝ አለበት። በመሀላቸው ጎማ ያለበት ማያያዣ አለ። ቀጥ ያለ ብረት በማያያዣው ላይ ታስደግፋለህ፣ ክፍተት ካለ ከሞተሩ እግር ሥር ስስ ብረት እየጨመርክ ታስተካክላለህ። ካልተስተካከለ የሚንቀጠቀጠው ዘንግ አዲሱን ኦይል ሲል ይበላዋል። አይታችኋል? ዞሮ ዞሮ እዚያው ኦይል ሲሉ ጋ ነው።

ነዳጁ ላይ ጋሼ አይደራደሩም። ሱፐርጄት ዘይት የሚጨምር ፓምፕ የለውም፣ በእጅ ነው የሚቀላቀለው። አምራቹ ለመደበኛ ጊዜ 50 ለ1 ይላል፣ በሊትር 20 ሚሊሊትር ማለት ነው። ለአዲስ ሞተር ግን 25 ለ1፣ እጥፍ። ጋሼ በመለኪያ እንጂ በዓይን አያፈሱም፣ ከጀሪካኑም ላይ መጠኑንና ቀኑን በማርከር ይጽፉበታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳው ደጅ ላይ፣ በአትክልት ማጠጫ ቱቦ ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳል፣ ቀጥሎ ውሃው ይከፈታል። ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ ውሃው ይዘጋል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ይጠፋል። ሞተሩ ሳይሠራ ውሃ ከገባ የሚገፋው ጭስ ስለሌለ በማርሚታው በኩል ተመልሶ ሲሊንደር ይሞላል። ያለ ውሃ ደግሞ ከ15 ሴኮንድ በላይ አይሠራም። ጓደኛዬ ቧንቧው ጋ ቆመ፣ እኔ ቁልፉ ጋ። ተነሳ። ጭሱ ደጁን ሞላው። ጋሼ በጭሱ ውስጥ ቆመው በጆሯቸው ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ፍጥነት) አዳመጡና ካርቡሬተሩን ሩብ ዙር እንኳ በማይሞላ ነካ አደረጉት።

ስለ ጭሱ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፣ ሐይቁንም ስለምወደው። የካርቡሬተር ቱ-ስትሮክ ሞተር አዲሱ ድብልቅ አሮጌውን ጭስ እየገፋ ስለሚያስወጣ ከነዳጁ ሩብ ያህሉን ሳያቃጥለው ይጥለዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1996 ለጀልባ ሞተሮች ጥብቅ ደንብ ያወጣው፣ ሌክ ታሆም (በካሊፎርኒያና በኔቫዳ መሀል ያለ ሐይቅ) በ1999 እነዚህን ሞተሮች የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ትክክል ነበሩ። ያማሃ ሱፐርጄትን በቱ-ስትሮክ እስከ 2020 ሠርቶ በ2021 ወደ አራት ምት ቀይሮታል። እኛ የያዝነው የሚተካው የሌለው አሮጌ ነገር ነው። ጥቂት ቀን ነው የሚነዳው። በደንብ የታሸገና በልኩ የተስተካከለ ሆኖ መሥራቱ ለውሃውም ይጠቅማል። እያፈተለከ፣ ዘይት እየተጨመረበት፣ በግምት የሚነዳው ነው የባሰው።

ሐይቁ ላይ የመጀመሪያው ታንክ በትዕግሥት ነው ያለቀው። ሙሉ ነዳጅ አይሰጥም፣ በአንድ ፍጥነትም አይቆይም፣ ከፍ ዝቅ እየተደረገ፣ በየመሀሉ እየበረደ። ከዚያ ካንዴላዎቹን አወጣን። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ናቸው፣ የኋለኛው ከፊተኛው አይለይም። ኮምፕሬሽኑንም ለካን፣ እኩል ነው። የቴስታው ብሎኖች ሞተሩ ከበረደ በኋላ እንደገና ተፈተሹ።

አሁን የቀረው የውሃ ፓምፑ ነው። ውሃውን የሚገፋው ኢምፔለር ጠጠር በልቶ ጠርዙ ተጨርፏል፣ ሲነሳ ውሃውን ለመያዝ ያቅማማል። ጋሼ ዘንጉን ይዘው ወዝወዝ አድርገው «የኋላው ኩሽኔታ ትንሽ ላላ ብሏል» ብለዋል። ሐይቁ ሲቀዘቅዝ እሱን እንፈታለን።